ጨጓራ ነው ብያለሁ

ቴፒ ውስጥ ምክር በነጻ ከሚያድሉ ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ባልና ሚስት ሲጋጩ ይጠሩኛል፤ ካልጠሩኝም ሰምቼ እሄዳለሁ። እድር ላይ "እስቲ መምህር ይናገር" ሲባል መጀመሪያ "ኧረ እኔ ምን አውቃለሁ" እላለሁ፤ ቀጥዬ አጀንዳው እስኪረሳ እናገራለሁ። ሥራዬ ባዮሎጂ ማስተማር ነው። የአንጎልን ሥዕል ጠመኔዬን ሳላነሳ ሰሌዳ ላይ እስላለሁ፤ ሰሪብረም፣ ሰሪቤለም፣ መዱላ እያልኩ ቀስት አወጣለሁ። ስለ ጭንቅላት ሳወራ የሰማኝ ሰው የራሴን አሳምሬ የያዝኩ ይመስለዋል።

የራሴን ለዓመታት "ጨጓራ" እያልኩ ነው የኖርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነቃለሁ። ልቤ ይመታል፣ ደረቴን ያፍነኛል፣ ሆዴ ይላወሳል። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል፤ የእኛ አገር ዝናብ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሆነ የማይወርድበትን ሌሊት መፈለግ ይቀላል። እዚያው ተጋድሜ የልጄን የኮሌጅ ክፍያ እደምራለሁ፣ ከብድርና ቁጠባ ማኅበሩ የወሰድኩትን እቀንሳለሁ፣ ከብዙ ዓመት በፊት አንድ አለቃዬን ልመልስለት ይገባኝ የነበረውን መልስ አሁን እመልስለታለሁ። (በዚያ ሰዓት የምመልሰው መልስ ግሩም ነው፤ ሰሚ የለውም እንጂ።) ሲነጋ እህል አያሰኘኝም። ክፍል ገብቼ ስም ስጠራ የት እንደደረስኩ ይጠፋኝና አንዱን ተማሪ ሁለት ጊዜ እጠራለሁ። ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ኳስ ማየት ነፍሴ ነበር፤ እሱም ሳይቀር፣ ማን አገባ ማን ተገባበት ግድ የማይሰጠኝ ሆንኩ።

ይህን ሁሉ ይዤ መድኃኒት ቤት እገባና "ያቃጥለኛል" እላለሁ። ኦሜፕራዞል ይሰጡኛል። ይዤ ወጥቼ ለሚጠይቀኝ ሁሉ "ጨጓራ ነው" እላለሁ፤ ሰውም "አይ ጨጓራ!" ብሎ የራሱን ይነግረኛል። ቴፒ ላይ ጨጓራ የሌለው ሰው ቢፈለግ የሚገኝ አይመስለኝም። ምን ያህሉ የእኔን ዓይነት ጨጓራ እንደሆነ ግን ስጠረጥር ቆይቻለሁ።

ኦሜፕራዞሉ ያላደረገልኝን በወባ አሳበብኩ። ቴፒ ቆላ ነው፣ ወባ አለ። እኛ ዘንድ ሰው ነገሩ ከተምታታ፣ ብቻውን ካወራ፣ ከሰው ከሸሸ "ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶ ነው" ይባላል። ተረት ብቻ አይደለም፤ ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት አንጎል ላይ ሲደርስ ያስቃዣል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላልም። ትኩሳት የያዘው ሰው በድንገት መቀባጠር ከጀመረ ሩጫው ወደ ጤና ጣቢያ ነው። እኔ ግን ትኩሳትም የለኝ። ጣቴን ተወግቼ "ነጻ ነህ" ስባል "ተደብቆ ይሆናል፣ ድገሚው" እላለሁ። ላቦራቶሪ ያለችው ልጅ በስተመጨረሻ ገና ከበር ስታየኝ ጓንቷን ማጥለቅ ጀመረች።

እህቴ በበኩሏ "ዓይን ነው የበላህ" አለችኝ። አንዲት ጎረቤታችን ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሽታ ይዛልኝ መጣች። እኔ የሳይንስ ሰው ነኝና በሁለቱም ሳቅኩባቸው። የእኔ ቡዳ በማይክሮስኮፕ የሚፈለግ መሆኑ ነበር ልዩነታችን።

ቡናውን ደግሞ ሳልናዘዝ ማለፍ አልችልም። የምኖረው ጓሮው ሁሉ ቡና በሆነበት አገር ነው። ጠዋት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ቤቴ እጠጣለሁ። በእረፍት ሰዓት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ካለችው ጀበና ቡና እደግማለሁ። ከሰዓት በኋላ ጎረቤት "ቡና ጠጡ" ሲል እምቢ ማለት ነውር ነው። ራሴን ሲያመኝ ቡና፤ እንቅልፍ አጥቼ ካደርኩ ለድካሙ ቡና። ሚስቴ "ቡናው ነው የሚያሳርርህ" ብትለኝ ብልጥ ሆንኩና ወደ ጨሞ ዞርኩ። ጨሞ የቡና ቅጠል ከሚጥሚጣና ከዝንጅብል ጋር ተፈልቶ የሚጠጣ የዚህ አገር ሰው ወግ ነው፤ እጅግ ደስ የሚል ነገር። "ቅጠል እኮ ነው!" እያልኩ በጣሳ አነሳው ነበር። ቅጠሉም ካፌይን እንዳለበት የባዮሎጂ አስተማሪው ረስቶታል።

የጠጣነው ካፌይን ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ ገና ሰውነታችን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ከመኝታ ስድስት ሰዓት ቀደም ብሎ እንኳ ቢወሰድ ከሌሊቱ እንቅልፍ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚወስድ አሳይቷል። እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግስቱ ይጨንቀዋል፤ የጨነቀው ሰው ማታ አይተኛም። ይህን ለአሥራ አንደኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ፤ ፈተናም አውጥቼበታለሁ።

ጫቱ የመጣው በፈተና ወረቀት አሳብቦ ነው። ወረቀት ሲከመርብኝ "ለማረሚያ" ብዬ ጀመርኩ። ከምሳ በኋላ በርጫው ይዘረጋል፤ ምርቃናው ሲመጣ ትምህርት ሚኒስቴርን አሻሽላለሁ፣ የቴፒን መንገድ አስፋልት አለብሳለሁ፣ አንድ ወረቀት ሳላርም ይመሻል። ማታ ምርቃናው አላስተኛ ሲል ደግሞ ጨብሲ። የሸካና የመዠንግር ጫካ ማር የታወቀ ነውና ጠጁ የሚታማ አይደለም። ሲነጋ ሐራራና ድብርት ተያይዘው ይጠብቁኛል። እነሱን ለማባረር ምን አደርግ እንደነበር እናንተው ገምቱ።

ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሰው በአደባባይ ምን ይል እንደነበር ደግሞ ስሙ። የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ኦክቶበር 10፣ በእኛ መስከረም 30 ገደማ ይከበራል። አንድ ዓመት በሰልፍ ሰዓት ንግግር አድርግ ተባልኩ። የዓለም ጤና ድርጅትን ቁጥር ይዤ ወጣሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 970 ሚሊዮን ሰው፣ ማለትም ከስምንት ሰው አንዱ፣ ከአእምሮ ጤና ችግር ጋር ይኖር ነበር ብዬ በማይክ ተናገርኩ። ተጨበጨበልኝ። ብዙም ሳይቆይ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ፈተና ላይ ተቀምጦ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እንባው ወረቀቱ ላይ ወረደ። "ወንድ ልጅ ለአንድ ሚድ ያለቅሳል? አማኑኤል ልላክህ እንዴ?" አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ልጁ ወረቀቱን ባዶውን አስረክቦኝ ወጣ። 970 ሚሊዮኑን በቃሌ የያዝኩ ሰው፣ ከፊቴ የተቀመጠውን አንዱን አላየሁትም።

አማኑኤል ብዬ ማስፈራራቴን ሳስበው ዛሬም ያሳፍረኛል። ሆስፒታሉ በጣሊያን ወረራ ዘመን አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመ፣ ለአሥርተ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ የኖረ ነው። ከቴፒ ተነስቶ፣ አንዳንዱም ታስሮ፣ እዚያ ለመድረስ በጭቃ መንገድ ስንት ሌሊት ያደረ ቤተሰብ አለ። ስሙን ስድብ ያደረግነው እኛ ነን። የሥነ አእምሮ ሐኪም ለመሆን ድሮ ውጭ አገር መሄድ ግድ ነበር፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥልጠናውን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። የሥነ አእምሮ ነርሶች ግን ከዚያ አስቀድሞ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ እዚያው አማኑኤል መሠልጠን ጀምረው በየክፍለ ሀገሩ ሄደዋል። አሁን ከየዩኒቨርሲቲውም ይወጣሉ። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ሚዛን ተፈሪ ከተማ ለገጠመኝ ጉድ ያስፈልጋል።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ ላይ ቤት ለቤት ያስዞሩት ጥናት ከ68,000 በላይ ሰው አዳርሷል። ስኪዞፍሬኒያ ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሕክምና የሚባል አይተው የማያውቁ ሆነው ተገኙ። ጥናቱ ዓመታት ሲከታተላቸው ደግሞ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ወደ 30 ዓመት ቀድመው እንደሚሞቱ አየ። የሚሞቱት "በእብደት" አይደለም፤ ብዙዎቹን የገደላቸው ለሌላው ሰው የሚታከመው ተላላፊ በሽታ ነው። የታመመው ጭንቅላቱ ስለሆነ ሳሉንና ትኩሳቱን የሚያይለት ሰው አልነበረም ማለት ነው።

ይህን ሳነብ አንድ ሰው ትዝ አለኝ። ቴፒ ገበያ አካባቢ ብቻውን እያወራ የሚሄድ ሰው ነበር። አነጋገሩን አሳምሬ አስመስለዋለሁ፤ እጁን የሚያወራጭበትን፣ መሐል ላይ ቆም ብሎ ለማይታይ ሰው አንገቱን የሚነቀንቅበትን። ጓደኞቼ በሳቅ ይፈርሳሉ። "ድገመው" ይሉኛል፤ እደግመዋለሁ። እሱ ቀን ገበያ መሐል፣ እኔ ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ፣ ሁለታችንም ብቻችንን የምናወራ ሰዎች እንደነበርን ያን ጊዜ አልታየኝም። አንድ ክረምት ሰውዬው ጠፋ። የት ገባ ብሎ የጠየቀ የለም፤ እኔም የጎደለኝ ቀልዴ ነበር።

ምን ነክቶህ ነው ትሉኝ ይሆናል። እሱን ስጠየቅ ዝርዝር አላጣም። በመጀመሪያ ቡናው አለ፤ የሚጠጣው ሳይሆን የሚሸጠው። ጓሮዬ ውስጥ ጥቂት እግር ቡና አለኝና ስሜቴ ከቴፒ ይልቅ በኒው ዮርክ ገበያ የሚተዳደር ነው። በ1993 እና በ1994 ብራዚልና ቬትናም ገበያውን አጥለቅልቀውት ዋጋው ሲወድቅ የቤታችን ሳቅ አብሮ ወደቀ። በ2017 የካቲት ደግሞ ብራዚል ላይ ድርቅ መትቶ ኖሮ አንዱ ፓውንድ ቡና ኒው ዮርክ ላይ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ ተባለ። ቴፒ ላይ ሰው ሁሉ ፈገግ አለ። እኔ እሸቱን ጥቅምት ላይ ሸጬ በልቼዋለሁ። ያን ሰሞን በጨጓራዬ ላይ ጨጓራ ተጨመረልኝ።

ጅማ ዙሪያ፣ ጊልገል ጊቤ አካባቢ የተደረገ ጥናት የምግብ ዋስትና ባጣ ቤት የጭንቀትና የድብርት ምልክት እንደሚበዛ አሳይቷል። ይህን ስሰማ "አያችሁ፣ ከሆድ ነው ብዬ አልነበር!" ብዬ ለመከራከር ቃጥቶኛል። የእኔ ሆድ ግን ሞልቶ ነው የሚጨነቀው፤ ጥናቱ ስለ እኔ አያወራም።

አባቴም አለበት። በ1977 ድርቅ ጊዜ ደርግ ከወሎና ከሌላው ሰሜን ወደ ደቡብ ምዕራብና ወደ ምዕራብ ካመጣው ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው አንዱ አባቴ ነበር፤ እኔም በእቅፉ። እዚያ ማንን ትቶ እንደመጣ፣ እዚህ ሲደርስ ማንን እንደቀበረ አልነገረንም። ስንጠይቀው "ሆድ ይፍጀው" ብሎ ወደ ቡናው ይሄዳል። ማታ ማታ ግን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ እስከ እኩለ ሌሊት አይተኛም ነበር። በመጋቢት 1994 በከተማችንና በዙሪያዋ ያ ሁሉ ሰው ያለቀበት ግጭት ሲሆንም እንደዚያው፤ ያየነውን አይተን በሩን ዘጋን፣ ሲከፈት ስለ ዝናብ አወራን። ዝም ማለትን የተማርኩት ከጎበዝ አስተማሪ ነው።

ዘርም አለ፣ እንቅልፍም አለ፣ ብድርም አለ፣ ብቸኝነትም አለ፤ የአእምሮ ሕመም አንድ አባት ያለው ልጅ አይደለም። ሐኪሞቹም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ከደም የመጣው፣ ከልጅነት የተረፈው፣ ከኪስ የጎደለውና ከጉሮሮ የወረደው ይደማመራል። እኔ ግን ይህን እውቀት ምን አደረግኩት? ሰበብ አደረግኩት። አንዴ አባቴን፣ አንዴ ብራዚልን፣ አንዴ ደርግን እየጠራሁ አሳመርኩት። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዳቸውም ግን ሐኪም ቤት እንዳልሄድ እጄን ይዘው አልከለከሉኝም።

በመጨረሻ ያስነሳችኝ ሚስቴ ናት። አንድ ሌሊት ነቅታ ኖሮ በጨለማው ውስጥ "ስማ፣" አለችኝ፣ "ጨጓራ እንባ አለው እንዴ?"

ቴፒ ላይ መታየት ማለት በእድር ጥሩንባ ማስነገር መሰለኝ። ስለዚህ ወደ ሚዛን ልሂድ አልኩ፤ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ነው። ማንም እንዳያየኝ በጠዋቱ ሚኒባስ ገባሁ፤ ሚኒባሱ ውስጥ የማላውቀው ሰው ረዳቱ ብቻ ነበር።

"ወዴት ነው መምህር?"

"የቡና ዋጋ ልጠይቅ ነው።"

"ቴፒ ቡና የለም እንዴ?"

"ላወዳድር ብዬ ነው።"

እስክንደርስ ድረስ ስለ ቡና ዋጋ አስተማርኳቸው።

ሆስፒታሉ ከደረስኩ በኋላ የአእምሮ ሕክምና ክፍሉን ያገኘሁት ወዲያው ነው፤ በሩ ላይ ተጽፏል። ፊት ለፊቱ ያለው አግዳሚ ላይ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ቀጥሎ ያለው በር የጥርስ ነበር። እዚያ ሄጄ ተቀመጥኩና ግራ ጉንጬን ያዝኩ። ሰው ሲያልፍ ጠበቅ አድርጌ እይዛለሁ፣ ሲርቅ እለቃለሁ። ጉንጬን እንደያዝኩ የአእምሮ ክፍሉ በር ተከፈተና ነጭ ጋውን የለበሰች ወጣት ብቅ አለች።

"ቲቸር! እርስዎ ነዎት?"

ተማሪዬ ነበረች፤ የሥነ አእምሮ ነርስ ሆናለች። ሦስተኛ ረድፍ፣ መስኮት ጥግ። የአንጎልን ሥዕል ከእኔ ነው የተማረችው።

"ጥርሴን ነው" አልኳት።

"የጥርስ ሐኪሟ ዛሬ የለችም ቲቸር። እስከዚያ እኛ ጋ ይግቡ።"

ገባሁ። ዘጠኝ ጥያቄ ያለበት ወረቀት አወጣች። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ደስታ ማጣት፣ መከፋት፣ እንቅልፍ፣ ድካም፣ ምግብ፣ ራስን መኮነን፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል፣ መፍዘዝ ወይም መቅበጥበጥ፣ መሞትን መመኘት። ለእያንዳንዱ ከዜሮ እስከ ሦስት ነጥብ አለው፤ ሲደመር ከ27። ፈተና ሲባል ደሜ ይሞቃል። ጥሩ ውጤት ላመጣ ወስኜ ዘጠኙንም "በጭራሽ፣ በጭራሽ" እያልኩ መለስኩ። እስክርቢቶዋን አስቀምጣ አየችኝ።

"ቲቸር፣ ዘጠኙንም ዜሮ የሚያመጣ ሰው ጉንጩን ይዞ እዚህ አይመጣም። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እየኮረጁ ነው። እንደገና እንጀምር።"

እንደገና ጀመርን። ዘጠነኛው ላይ ስንደርስ ዘገየሁ። አላፈጠጠችብኝም፣ አልተጣደፈችም፤ ጥያቄውን በግልጽ ደገመችውና ጠበቀችኝ። የመለስኩትን እዚህ አልጽፈውም። ይህን ጥያቄ መጠየቅ ሰውን ወደዚያ ሐሳብ እንደማይገፋው፣ ይልቅ እንደሚያቀለው፣ ያን ቀን በራሴ አየሁት። ሲያልቅ እንደ ልማዴ ውጤቴን ጠየቅኩ። "18" አለችኝ። "ከግማሽ በላይ ነው፣ አልፌአለሁ" አልኩ። ሳቀች፤ እኔም ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቅኩ። ከዚያ የደም ማነስና የእንቅርት ምርመራ አዘዘችልኝ፤ እነሱም ሰውን እንዲህ ያደርጋሉና። እነሱ ደህና ሆኑ። "ድባቴ ነው ቲቸር፤ ጭንቀትም አለበት። ይታከማል" አለች።

ማታ ማታ የሚዋጥ አሚትሪፕቲሊን ተሰጠኝ። ወዲያው ተቆጣሁ፦ "ይሄ ሱስ ያስይዛል እኮ!" ለዓመታት ጫት የቃመ፣ በቀን ስንት ሲኒ ቡና የሚያነሳ፣ በጠጅ ጨብሲ የሚያደርግ ሰው ነው ይህን የሚለው። ልጅቱ አክብራኝ ምንም አላለችም፤ ጥርሴን ብቻ አየት አደረገች። መድኃኒቱ ሱስ እንደማያስይዝ፣ ለመሥራት ሳምንታት እንደሚፈጅ፣ ከተሻለኝ በኋላም ሳልታዘዝ እንዳላቆም፣ ጫትና መጠጥ እንድተው፣ ከምሳ በኋላ ቡና እንዳልጠጣ፣ በእግሬ እንድሄድ፣ ለምክክር ተመልሼ እንድመጣ ነገረችኝ። ትእዛዙን አንድም ሳላስቀር በተራ ጣስኩት።

ክኒኑን ቤት ውስጥ የደበቅኩት ባዶ የኦሜፕራዞል ብልቃጥ ውስጥ ነው። በዚህ ብልሃቴ ኮርቼ ሳልጨርስ አማቴ ሊጠይቁን መጡ። ማታ ቆጮና ክትፎ በላን፤ እሳቸውን አቃጠላቸው። "የመምህር መድኃኒት እዚያ ነው" ብሎ ልጄ ጠቆማቸው። በማግስቱ ቡናው ተፈልቶ፣ ምሳ ቀርቦ፣ አማቴ አልነቁም። ሚስቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ እጃቸውን ይዛ ታለቅሳለች። እኔ ብልቃጡን ይዤ ቆሜአለሁ። እውነቱን የተናገርኩት ያኔ ነው፤ ለሐኪም ቤት ሳይሆን ለፍርድ ቤት የምናገር ያህል እየተንቀጠቀጥኩ። ባጃጅ ልንጠራ ስንል እማማ ዓይናቸውን ገለጡና፣ "እግዜር ይስጥህ ልጄ፤ ከባሌ ሞት ወዲህ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም። ይሄን የጨጓራ መድኃኒት ለእኔም ግዛልኝ" አሉ።

ነርሷ ይህን ስነግራት አልሳቀችም። በእርጅና ጊዜ ያ ክኒን ልብን ሊነካ፣ ሰውን ሊጥል እንደሚችል፣ ሕፃን እጅ ቢገባ ደግሞ እንደሚገድል ነግራኝ በደንብ አድርጋ ተቆጣችኝ። ከእኔ ክፍል ማንንም እንዲያ አድርጌ ተቆጥቼ የማውቅ አይመስለኝም። እማማንም ይዤ እንድመጣ አዘዘችኝ፤ ባላቸው ከሞተ ጀምሮ አለመተኛታቸውን አንዳችንም ጠይቀናቸው አናውቅም ነበር።

ወሬው ቴፒን ለማዳረስ ሁለት የገበያ ቀን አልፈጀበትም። ይስቁብኛል ብዬ ነበር፤ አንዳንዱም ሳቀ፤ ማስመሰልን ራሴ ያስተማርኳቸው ሰዎች ናቸውና ምን ይደረግ። ያልጠበቅኩት ሌላው ነው። ማታ ማታ በሬ ይንኳኳል። የእድሩ ዳኛ መጥተው ስለ ዝናቡ ብዙ ካወሩ በኋላ፣ "ያቺ ሚዛን ያለችው ልጅ... ለአንድ ዘመዴ ነው" ይላሉ። ባለ መድኃኒት ቤቱም ለዘመዱ ነው። በምርቃና አብሮኝ ትምህርት ሚኒስቴርን ያሻሽል የነበረው ጓደኛዬም ለዘመዱ ነው። ለካ ቴፒ የዘመድ አገር ናት!

ድኛለሁ ብላችሁ አትመኑኝ። ሲሻለኝ "በቃኝ" ብዬ በራሴ ሥልጣን ክኒኑን አቆምኩና ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተመልሳ መጣች፤ እንደገና ጀመርኩ። ጫቱን ትቻለሁ፤ ቡናውን ከምሳ በኋላ ትቻለሁ ብል ጎረቤቶቼ ይታዘቡኛል። ያ ፈተና ላይ ያለቀሰው ልጅ ደግሞ አሁን ባጃጅ ይነዳል። ብዙ ጊዜ የምሳፈረው የእሱን ነው። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን እከፍትና "መልሱን ያዘው" ብዬ እወርዳለሁ። ለአንድ "ይቅርታ" እስካሁን ያወጣሁት ገንዘብ ከኦሜፕራዞሉ ይበልጣል።

እናንተስ? ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፉ፣ እህሉ፣ ሥራውና ሳቁ አብረው ከራቋችሁ፣ በአቅራቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዳችሁ "የአእምሮ ጤና ባለሙያ አለ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። መሞት የሚያሰኛችሁ ከሆነ ነገ አትበሉ፤ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ተናገሩ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሂዱ። ክኒናችሁን በራሱ ዕቃ አስቀምጡ። የጠዋቱ የሚዛን ሚኒባስ ውስጥ ካገኛችሁኝም "ወዴት ነው መምህር?" ብላችሁ ጠይቁኝ። እውነቱን እንደምመልስ ግን ዋስ መጥራት አልችልም።